2,147,483,647፦ ስለ አንድ ብቸኛ ቁጥር የተደረገ ንግግር

 የጋበዙኝ ሰዎች «ስለ ትልልቅ ቁጥሮች ንገረን» ነበር ያሉኝ። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ 2,147,483,647። ሲነበብ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ነው። አሥር አኃዝ አለው፤ ርዝመቱ ከእጅ ስልካችሁ ቁጥር አይበልጥም።

ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ደግሞ ብቸኛ መሆኑ እንዴት እንደ ታወቀ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳስተምር ልቤ ያደረበት አንድ እምነት አለኝ፤ የአንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ክብሩ ከርዝመቱ ሳይሆን ከአሠራሩ ይመጣል። አሠራሩን የተረዳ ሰው ሺህ ጊዜ ከመድከም ይድናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩ እንዴት እንደ ተሠራ እናያለን፤ ቀጥሎ የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እንዴት እንደ መረመረው እናያለን፤ ረዘም አድርጌ የምቆየውም እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻ ቁጥሩ ዛሬ በኮምፒውተርና በስልክ ውስጥ ያለውን ሥራ አነሣለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር ለይቼ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ከአሠራሩ እንጀምር። ተማሪዎች «ፕራይም ነምበር» የምትሉት ብቸኛ ቁጥር ምን እንደ ሆነ ረከቦት ላይ ማየት ይቻላል። 12 ስኒ ቢኖረን በሦስት ረድፍ አራት አራት፣ ወይም በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት አድርገን እንደረድራለን። አንድ ስኒ ጨምረን 13 ስናደርገው ግን በአንድ መስመር ካልተሰለፈ በቀር እኩል ረድፍ አይወጣለትም። 13 ከ1 እና ከራሱ በቀር ሳያስተርፍ የሚያካፍለው የለም። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት አረጋግጧል። ማለቂያ የላቸውም ማለት ግን አንድ ትልቅ ቁጥር አንሥቶ ብቸኛ መሆኑን መለየት ቀላል ነው ማለት አይደለም።

አሁን አንድ የባቄላ ፍሬ አስቀምጡ። አጠገቡ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎ ስምንት እያላችሁ፣ በየጊዜው እጥፍ እያደረጋችሁ 31 ክምር እስኪሞላ ሂዱ። የክምሮቹ ድምር የእኛ ቁጥር ነው። በሌላ አነጋገር 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን ከውጤቱ 1 ብንቀንስ እዚያው እንደርሳለን። በዚህ መንገድ የሚሠሩ ቁጥሮች ፓሪስ ይኖር በነበረው መነኩሴ በማሪን ሜርሴን ስም ይጠራሉ፤ ሜርሴን በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ የትኞቹ ብቸኛ እንደ ሆኑ ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ ስሕተት አልጠፋም፤ 31 ግን በትክክል ገብቷል።

የክምሮቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር ካልሆነ ድምሩ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱን በባቄላው ማየት ይቻላል። ክምሮቹ 6 ቢሆኑ ሦስት ሦስት አድርገን እንጠቅልላቸው። የመጀመሪያው ጥቅል 1፣ 2 እና 4 ሲደመር 7 ነው። ሁለተኛው 8፣ 16 እና 32 ሲደመር 56 ነው፤ 56 ደግሞ የ7 ስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ድምሩ 63 ለ7 ይካፈላል። ይህን የሦስት ሦስት ጥቅል በልባችሁ ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። የክምሮቹ ብዛት ብቸኛ መሆኑ ግን ብቻውን አይበቃም። 11 ብቸኛ ነው፤ የ11 ክምር ድምር 2,047 ግን 23 በ89 ሲባዛ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 31 ብቸኛ ስለሆነ ብቻ ቁጥራችንን አምነን መቀበል አንችልም፤ መመርመር አለበት።

አሁን ወደ ምርመራው ልለፍ። ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ካታልዲ በ1588 የ19 ክምር ድምር የሆነውን 524,287ን በሚያስፈልጉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እያካፈለ ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። ያን ሠርቶ ሳያበቃ 23፣ 29፣ 31 እና 37 ክምሮችም ብቸኛ ድምር ይሰጣሉ አለ። ፒዬር ደ ፌርማ በ1640 የ23ቱ ድምር ለ47፣ የ37ቱ ድምር ለ223 እንደሚካፈል አሳየ። ኦይለር በ1738 የ29ኙን ድምር በ233 አፈረሰው። ከአራቱ ያልወደቀው 31 ብቻ ነበር፤ የሚያጸናውም የሚጥለውም ማስረጃ ግን ገና አልተገኘም።

የድካሙን መጠን አስቡት። አንድ ቁጥር አካፋይ ካለው፣ ከአካፋዮቹ አንዱ በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ አይበልጥም። ለእኛ ቁጥር ይህ ወሰን 46,340 ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ 4,792 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። አሥር አኃዝ ያለውን ቁጥር በብዕርና በቀለም በእያንዳንዳቸው ማካፈል፣ አንዱ አምስት ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ እንኳ 400 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በመካከል አንዲት ቀሪ ብትሳሳት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ኦይለር የባዝል ሰው ነው፤ የተወለደው በ1707 ነው። ይህን ሥራ ለሒሳብ ሰው ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ሲያስታውቅ ዘመኑ 1772 ነበር፤ የሚኖረውም ሴንት ፒተርስበርግ ነበር። ቀኝ ዓይኑ ከብዙ ዓመት በፊት ጠፍቷል፤ በግራው ላይ በ1771 የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አልዳነም። በዚያው ዓመት ከተማዋን የመታው ቃጠሎ ቤቱን አውድሞበታል። ሐሳቡን የሚጽፉለት ልጁና ረዳቶቹ ነበሩ። ማየት የተሳነው ሰው ከ4,792 ማካፈሎች አብዛኞቹን ሊያስቀር የቻለው እንዴት ነው? ሰፋ አድርጌ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ለእኔ በሒሳብ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ነገር ጥቂት ነው።

ወደ 2,047 እና ወደ አካፋዩ ወደ 23 እንመለስ። ከ1 ተነሥታችሁ እጥፍ አድርጉ፤ ከ23 ሲያልፍ 23 ቀንሱና ቀሪውን ብቻ ያዙ። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ትላላችሁ። የ16 እጥፍ 32 ነው፤ 23 ሲቀነስ 9። ከዚያ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12። የ12 እጥፍ 24 ነው፤ 23 ሲቀነስ ተመልሶ 1። በ11 እርምጃ ክቡ ገጠመ። የ11 ክምር ድምር ለ23 የሚካፈለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ 11 ጊዜ እጥፍ ማድረግ 1ን ወደ 1 ከመለሰው፣ ከዚያ ላይ 1 ሲቀነስ የሚተርፍ የለም።

በዚህ ክብ ውስጥ ያልተጠሩ ቀሪዎች አሉ። ለምሳሌ 5 አልተጠራም። ከእርሱ እንነሣ፦ 5፣ 10፣ 20፣ 17፣ 11፣ 22፣ 21፣ 19፣ 15፣ 7፣ 14። የ14 እጥፍ 28 ነው፤ 23 ሲቀነስ 5። ይህም በ11 እርምጃ ገጠመ። ከ1 እስከ 22 ያሉት ቀሪዎች በሙሉ፣ አንድም ሳይደገም፣ አንድም ሳይቀር፣ በሁለቱ ክቦች ተካተዋል። 22 እንግዶች ድግስ ቤት ገብተው በሁለት ማዕድ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው ተቀመጡ ማለት ነው። የማዕዱ መጠን በአጋጣሚ እኩል አልሆነም። ከየትኛውም እንግዳ ብትነሡ 11 ጊዜ እጥፍ ማድረግ ወደዚያው ይመልሳችኋል፤ 11 ብቸኛ ስለሆነም ከዚያ ቀድሞ የሚዘጋ አጭር ክብ አይኖርም። እንግዶቹ ያለ ትርፍ በ11 በ11 ከተቀመጡ ደግሞ ቁጥራቸው የግድ ለ11 የሚካፈል ነው። ሌላውን አካፋይ 89ን ብትሞክሩት 88 እንግዶች በስምንት ማዕድ ታገኛላችሁ።

አሁን 11 በነበረበት ቦታ 31ን እናስገባ። ቁጥራችንን የሚያካፍል አንድ ብቸኛ ቁጥር አለ ቢባል፣ ከእርሱ በአንድ የሚያንሱት እንግዶች በሙሉ በ31 በ31 ማዕድ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ያ አካፋይ 1 ሲቀነስለት ለ31 መካፈል አለበት። ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ 1 ሲቀነስለት ሙሉ ይሆናል፤ ለ2ም ይካፈላል። ሁለቱ ሲጣመሩ ለ62 መካፈል አለበት ማለት ነው። እንግዲህ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 ሳይሞከሩ ወደቁ። ሊቀርቡ የሚችሉት 63፣ 125፣ 187፣ 249፣ 311 እያሉ በ62 የሚራመዱት ብቻ ናቸው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ አራት ራሳቸው ብቸኛ አይደሉም። ስለዚህ በር ላይ የሚቆመው የመጀመሪያው ተፈታኝ 311 ነው። ቁጥራችን ለ311 ሲካፈል 35 ይተርፋል፤ 311ም ወደቀ።

ኦይለር በዚህ አላቆመም። አካፋዩ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ብቻ እንዲተርፍ የሚያስገድድ ሌላ ሕግ ጨመረ፤ ማስረጃው ረዘም ስለሚል ዛሬ አልገባበትም። ሁለቱ ሕጎች ሲገናኙ የቀሩት እጩዎች ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ሆኑ። እስከ 46,340 ድረስ እነዚህ ከ373 አይበልጡም፤ ከእነርሱ መካከል ራሳቸው ብቸኛ የሆኑት ደግሞ መቶ እንኳ አይሞሉም። ሁሉም ተሞከሩ፤ አንዳቸውም ሳያስተርፉ አላካፈሉትም። 2,147,483,647 ብቸኛ መሆኑ ተረጋገጠ፤ በዘመኑ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ «ኦይለር ፈጣን አስሊ ነበር» ይሉኛል። እውነት ነው፣ በቃሉ ያሰላ ነበር። ነገር ግን በዚህ ሥራ ያሸነፈው በፍጥነት አይደለም። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አብዛኛው ሥራ እንደማያስፈልግ አረጋገጠ። ካታልዲ እና ኦይለር የያዙት አንድ ዓይነት ብዕር ነው፤ ልዩነታቸው ኦይለር ቁጥሩ ከእጥፍ ብቻ የተሠራ መሆኑን ለምርመራው መሣሪያ ማድረጉ ነው።

ወደ ሦስተኛው ጉዳይ ከመሄዴ በፊት፣ ስለዚህ ቁጥር የተነገረ አንድ የተሳሳተ ትንቢት ላንሣ። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ቁጥር ፍጹም ቁጥር ይባላል፤ 6 የ1፣ የ2 እና የ3 ድምር ነው፤ 28ም እንዲሁ ነው። ከእያንዳንዱ የሜርሴን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር እንደሚወለድ ኤውክሊድ አሳይቷል። ከእኛ ቁጥር የሚወለደው 2,305,843,008,139,952,128 ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ፒተር ባርሎው በ1811 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ምናልባት ከቶ አይገኝም፣ ጥቅም የሌለው ነገር ስለሆነ ማንም አይደክምበትም የሚል ሐሳብ ጻፈ።

65 ዓመት ቆይቶ ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ የ127 ክምር ድምር ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ 39 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። እንዲህ ያለውን በማካፈል መድረስ አይቻልም፤ ሉካስ አንድም አካፋይ ሳይሞክር የሚፈርድ ፈተና አገኘ። አሜሪካዊው ዴሪክ ሄንሪ ሌመር በ1930 ፈተናውን አሻሻለው። እርሳስ ያላችሁ አብራችሁኝ ሥሩ። የ7 ክምር ድምር 127 ነው። ከ4 ተነሡ፤ በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ፣ 14። 14ን በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ፣ 194፤ 127 ሲቀነስ 67 ይቀራል። 67 በራሱ ሲባዛ 4,489 ነው፤ 2 ሲቀነስ 4,487፤ ለ127 ሲካፈል 42 ይተርፋል። በዚሁ መንገድ ከ42 ወደ 111 ትደርሳላችሁ። 111 በራሱ ሲባዛ 12,321 ነው፤ 2 ሲቀነስ 12,319። ይህ ደግሞ ልክ 97 ጊዜ 127 ነው፤ ቀሪ የለም። በአምስተኛው እርምጃ ዜሮ ላይ ከደረስን 127 ብቸኛ ነው። እርምጃው ሁልጊዜ ከክምሮቹ ብዛት በሁለት ያንሳል። ለ11 ክምር ዘጠኝ እርምጃ ብትሄዱ ዜሮ ሳይሆን 1,736 ታገኛላችሁ፤ 2,047 ይወድቃል። ለኦይለር ቁጥር የሚያስፈልገው 29 እርምጃ ብቻ ነው።

ይህ ፈተና ዛሬም ይሠራል። በጥቅምት 2024 የተገለጸው፣ ሉክ ዱራንት በፈቃደኞች የኮምፒውተር ኅብረት ውስጥ ሆኖ ያገኘው ብቸኛ ቁጥር የ136,279,841 ክምር ድምር ነው። 41,024,320 አኃዝ አለው፤ በአንድ ገጽ 3,000 አኃዝ ቢታተም ከ13,000 ገጽ ያልፋል። ያን ያህል ርዝመት ያለውን ቁጥር ለመመርመር የተቻለው ከእጥፍ የተሠራ ስለሆነ ነው። ያንኑ ያህል ርዝመት ያለው፣ ቅርጽ የሌለው ቁጥር ቢሰጡን ብቸኛ መሆኑን ማረጋገጥ ዛሬ ካለን አቅም በላይ ነው።

አሁን ስለ ጥቅሙ ልናገር። ባርሎው የተሳሳተው እዚህም ላይ ነው። በ9 ስናካፍል አኃዞቹን ደምረን ቀሪውን እንደምናገኝ ታውቃላችሁ፤ 9 በአሥር አቆጣጠር የመጨረሻው አኃዝ ስለሆነ ነው። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ብቻ ነው፤ በዚያ አቆጣጠር የእኛ ቁጥር ተከታታይ 31 አንዶች ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ ለኮምፒውተር በሜርሴን ቁጥር ማካፈል ለእኛ በ9፣ በ99 ወይም በ999 እንደ ማካፈል ነው፤ ማጠፍና መደመር ይበቃዋል። በጥር 1952 ራፋኤል ሮቢንሰን ሎስ አንጀለስ በነበረ ኮምፒውተር ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጠው የ521 ክምር ድምር፣ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ምስጢር ለመጠበቅ ከጸደቁት ስሌቶች የአንዱ መሠረት ነው።

የእኛም ቁጥር ሥራ አላጣም። የማዕዱን ነገር አስታውሱ። በእኛ ቁጥር ስናካፍል ከዜሮ በቀር የሚገኙት ቀሪዎች 2,147,483,646 ናቸው። እነዚህን በእጥፍ ብናስኬዳቸው በ31 በ31 ትንንሽ ማዕድ ይቀመጣሉ። በ2 ፈንታ በ7 እያባዛን ብንሄድ ግን ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ በአንድ ታላቅ ማዕድ ዙሪያ ይቀመጣሉ። 7ን አምስት ጊዜ በማባዛት የሚገኘው 16,807ም እንዲሁ ያደርጋል፤ የአቀማመጡ ቅደም ተከተል ግን ለዓይን ሥርዓት የሌለው ይመስላል። ሌመር በ1949 ባቀረበው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ፣ ይህ ዑደት በኮምፒውተር ላይ ዕጣ መሰል ቁጥሮችን ለማውጣት አገልግሏል፤ ስቲቨን ፓርክ እና ኪት ሚለር በ1988 ማንኛውም ፕሮግራም ሠሪ ቢያንስ ይህን ይጠቀም ብለው መክረዋል። ምስጢር ለመጠበቅ አይሆንም፤ ለሙከራና ለጨዋታ ግን ሁለት ቢሊዮን እርምጃ ሳይደገም ይሄዳል። ይህ የሆነው ቁጥሩ ብቸኛ ስለሆነ ነው።

የመጨረሻው ነገር ሰዓት ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጥር 1 ቀን 1970 የግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ጀምረው በሰከንድ ነው። በአሮጌው አሠራር ለዚህ ቆጠራ የተመደበው ቦታ 31 አንዶችን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ 2,147,483,647ኛዋ ሰከንድ የመጨረሻዋ ናት። መቼ እንደምትመጣ በእኛ አቆጣጠር አሰላሁት፤ ውጤቱን ሳየው ደግሜ አሰላሁት። ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። የጥምቀት ጠዋት ነው፤ ሕዝቡ ከውኃው ዳር ሆኖ ጠበል የሚጠብቅበት ሰዓት። ያልታደሰ ኮምፒውተር ካለ በቀጣዩ ሰከንድ ቆጠራው ወደ ኋላ ይገለበጥና ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይለዋል፤ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን።

ባለሙያዎች ይህን አውቀው ቦታውን ከ31 ወደ 63 አንዶች እያሰፉ ነው፤ የዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች አብዛኛዎቹ ተሻግረዋል። አዲሱ ወሰን 9,223,372,036,854,775,807 ሰከንድ ነው፤ ከ290 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይበቃል። ያ ቁጥር የ63 ክምር ድምር ነው። ክምሮቹን ቅድም እንዳደረግነው ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ጠቅልሏቸው፤ 21 ጥቅል ይሆናል፣ የመጀመሪያው 7 ነው፣ ሌሎቹም ሁሉ የ7 ብዜት ናቸው። አዲሱ ወሰን ለ7 ይካፈላል።